ርካሹና ውዱ ቴሌቪዥን በምን ይለያሉ? በጀበና፣ በጋዜጣና በአንድ ፍላሽ የሚሠራ ፈተና

የቴሌቪዥን መሸጫ ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሁልጊዜ ያው ነው፦ ቀስ ብላ የምትፈነዳ አበባ፣ ከማንኪያ የሚንጠባጠብ ማር፣ ሌሊት በመብራት ያሸበረቀ ከተማ። በዚህ ፊልም የማያምር ቴሌቪዥን የለም። ፊልሙ የተሠራው ለዚሁ ነውና፤ ቀለሙ የደመቀ፣ እንቅስቃሴው የዘገየ፣ ጥላ የሌለበት። የእህቴ ልጅ ከእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ ፊት ቆሞ ባለ 55 ኢንች መርጦ ገዛ። ካርቶኑ ላይ «ፎርኬ፣ ኤችዲአር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ማታ ቤት ወስዶ ኳስ ሲከፍት ሜዳው በቆሸሸ መስኮት በኩል የሚታይ መሰለ። ከጎን ሶፋ የተቀመጠችው እናቱ ደግሞ የሁለቱን ቡድኖች ማልያ መለየት አቃታት። ሱቁም «የሚሠራ ዕቃ አንመልስም» አለ፤ እውነትም ይሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም ቴሌቪዥን ልግዛ ብሎ ሲጠራኝ ፍላሽ ሳልይዝ አልሄድም። ዝግጅቱ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሱቅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

1. ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎን ይፈትሹ

ከአሁኑ ቴሌቪዥንዎ ጀርባ ጎንበስ ብለው ገመዱን ይመልከቱ። ከሪሲቨሩ የሚመጣው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ከሆነ ምስሉን የሚያመጣው ቢጫው ብቻ ነው፤ እሱም መደበኛውን የድሮ ጥራት እንጂ ኤችዲ ማሳለፍ አይችልም። ጣቢያው በኤችዲ ቢያሰራጭም፣ ሪሲቨሩ በኤችዲ ቢቀበልም፣ ቢጫው ገመድ ላይ ሲደርስ ጥራቱ እዚያው ይቀራል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ይለውጡት፤ በሪሲቨሩ ማስተካከያ ውስጥም የምስል ጥራቱ 1080 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። አዲስ ቴሌቪዥን ሊገዙ ተነሥተው በዚህ ገመድ ብቻ ሐሳባቸውን የቀየሩ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ።

ቀጥሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ምንድን ነው? መደበኛ ጥራት ያለው የዲሽ ስርጭት አንዱ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 414,720። የፎርኬ ስክሪን ደግሞ 3,840 በ2,160 ስለሆነ 8,294,400 ነጥብ አለው። አካፍለው ይዩት፤ ልክ 20 ይመጣል። እንዲህ ያለውን ጣቢያ በፎርኬ ስክሪን ሲያዩ ከሃያ ነጥብ አንዱ ብቻ ከጣቢያው የመጣ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ቴሌቪዥኑ አጠገባቸው ካሉት ገምቶ የሞላቸው ናቸው። ግምቱን ማን አሳምሮ ይሠራል የሚለው የርካሹና የውዱ ትልቅ ልዩነት ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሜትር ያውጡና ከሶፋዎ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት ይለኩ። ጤነኛ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል ነው። በባለ 55 ኢንች ፉል ኤችዲ (1,920 በ1,080 ነጥብ) ስክሪን ላይ የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.63 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከ2.2 ሜትር በላይ ርቀው ከተቀመጡ ነጥቦቹን መለየት ያቅትዎታል። በባለ 43 ኢንች ደግሞ ይህ ርቀት 1.7 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 43 ኢንች ገዝቶ ሦስት ሜትር ርቆ የሚቀመጥ ሰው በፉል ኤችዲና በፎርኬ መካከል ያለውን ልዩነት በዓይኑ አያገኘውም። ለቁጥሩ የሚከፍለውን ገንዘብ ለጥቁሩና ለብርሃኑ ጥራት ቢያውለው ይሻለዋል።

በመጨረሻም አቀማመጡን ልብ ይበሉ። የእኛ አገር ሳሎን ብዙ ጊዜ ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ከቦ፣ ቴሌቪዥኑ አራተኛው ላይ ነው። ፊት ለፊት የሚቀመጠው አባወራው ወይም እንግዳው ነው፤ የቀረው ቤተሰብ ከጎን ያያል። የቴሌቪዥን ፋብሪካዎች ማስታወቂያ ላይ ግን ሁሉም ሰው መሀል ላይ ነው የሚቀመጠው። መስኮቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነም ያስታውሱ።

2. ፍላሹን ያዘጋጁ

ውድ የሙከራ ፊልም መፈለግ አያስፈልግም። ከቡና ሥነ ሥርዓት የተሻለ የቴሌቪዥን መፈተኛ እስካሁን አላገኘሁም። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ስልክዎን ፎርኬ ላይ አድርገው፣ የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው ሁለት ደቂቃ ይቅረጹ። በአንድ ምስል ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ይዩ፦ ከጥቁር ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ጀበና፣ በመስኮት ብርሃን የተመታ ነጭ ነጠላ፣ የጋለ ፍም፣ ቀስ እያለ የሚበተን የዕጣን ጭስ፣ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደንብ የሚያውቁት ሰው ፊት። የአበባውንና የማሩን እውነተኛ ቀለም አያውቁትም፤ የእናትዎን ፊት ግን ያውቁታል። ቴሌቪዥኑ ቢያቀላው ወይም ቢያጠቁረው ወዲያው ይነቁበታል።

ሁለተኛው ጋዜጣ ነው። አንድ ጋዜጣ ሁለት ገጽ አድርገው ግድግዳ ላይ ይዘርጉ፤ ሁለቱ ገጾች ምስሉን ከዳር እስከ ዳር እንዲሞሉት አድርገው ሃያ ሰከንድ ያህል በፎርኬ ይቅረጹ። ሲጨርሱ ስልኩ ላይ አጉልተው የጽሑፉን ፊደላት ማንበብ መቻልዎን ያረጋግጡ፤ ካልተነበበ ደግመው ይቅረጹ።

ሦስተኛው ኳስ፣ አራተኛው በመደበኛ ጥራት የሚተላለፍ ዜና ነው። ብዙ ሪሲቨሮች ፍላሽ ሲሰካባቸው የሚተላለፈውን ይቀዳሉ፤ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ በቂ ነው። የእርስዎ የማይቀዳ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ያለውን ዲሽ ይጠቀሙ።

በተጨማሪ ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሙሉ ለሙሉ ግራጫ፣ ሌላው ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ሆኖ መሀሉ ላይ ትንሽ ነጭ ክብ ያለበት። ማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም በሁለት ደቂቃ ይሠራቸዋል። ፍላሹን ብዙ ቴሌቪዥኖች በሚያነቡት ፋት 32 ይፎርምቱት፤ በዚህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል እንደማይገባ አይርሱ።

3. ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ሁለቱንም እኩል ያድርጉ

የሚያነጻጽሯቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች በኢንች እኩል ይሁኑ። ከዚያ ሪሞቱን ይጠይቁ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ቴሌቪዥኖች ብዙ ጊዜ ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ በሚባለው ሁነታ ላይ ናቸው፤ ብርሃኑና ቀለሙ ጣሪያ ድረስ ወጥቷል፣ ነጩም ወደ ሰማያዊ አድልቷል። ሁለቱንም ወደ ሲኒማ፣ ወደ ሙቪ ወይም ካለ ወደ ፊልምሜከር ሁነታ ይቀይሩ፤ የቀለሙን ሙቀት ዋርም ያድርጉት፤ ሻርፕነስ የሚለውን ወደ ታች ያውርዱ፤ ኃይል ቆጣቢውንና እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ያጥፉ።

በዚህ ጊዜ ሻጩ መሳቀቁ አይቀርም። አንዱ ወጣት «ጋሼ፣ እንዲህ ደብዝዞ ማን ይገዛዋል?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምስሉ ቢጫና የሞተ ይመስላል። ዓይን እስኪለምደው ይታገሡ። ከለመደ በኋላ ነጠላው ነጠላ፣ ፊቱም ፊት ይሆናል። «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ያለውን መብራት ለአምስት ደቂቃ ብቻ አጥፋልኝ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ አልገዛሁም።

4. ጥቁሩን ይመርምሩ

ጥቁሩን ፎቶ ይክፈቱ። የቴሌቪዥን ዋጋ አብዛኛው የሚከፈለው ለዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

ተራው ኤልኢዲ የሚባለው ቴሌቪዥን በእርግጥ ኤልሲዲ ነው። ከኋላ መብራት አለ፤ ከፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል መብራቱን እንደ መጋረጃ ይከፍታል ይዘጋል። መጋረጃ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ትንሽ ብርሃን ያፈሳል። ስለዚህ ጥቁሩ ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ምን ያህል እንደሚያፈስ በፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን በሚያሳየው የስክሪኑ ሰሌዳ ዓይነት ይወሰናል፦ አይፒኤስ የሚባለው ነጩን ከጥቁሩ አንድ ሺህ እጥፍ ያህል ያበራዋል፤ ቪኤ የሚባለው ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ ይደርሳል። ኦሌድ ግን መጋረጃም የኋላ መብራትም የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ አምፖል ነው፤ ጥቁር ሲፈለግ አምፖሉ ይጠፋል። መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ጥቁር ምስል የሚያሳይ ኦሌድ የት እንደተሰቀለ ማየት ያስቸግራል።

በመሀሉ ያሉት ዘመናዊ ኤልሲዲዎች ናቸው። የኋላ መብራታቸው በብዙ ክፍል ተከፋፍሎ፣ ምስሉ በጨለመበት በኩል ያለው ክፍል ብቻ ይደበዝዛል። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባሉት ትንንሽ መብራቶችን ተጠቅመው ክፍሎቹን በመቶዎች ወይም በሺዎች ያደርሷቸዋል። ነጩን ክብ ይመልከቱ፤ በዙሪያው እንደ ጭጋግ የሚፈስ ብርሃን ካለ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ወደ አራቱ ማዕዘኖች ይሂዱ። በርካሾቹ ላይ ከዳር ወደ መሀል እንደ ባትሪ ጨረር የሚገባ ብርሃን ይታያል፤ መብራቱ ጠርዝ ላይ ስለተደረደረ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስሞች አንድ ነገር ልበል። ኦሌድና ኪውሌድ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነታቸው አንዲት ጭራ ብቻ ናት፤ ያቺን ጭራ ማን እንዳሰባት ባላውቅም ሥራዋን ሠርታለች። ኪውሌድ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚጠቀምበት ስም ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ የኋላ መብራት ያለው ኤልሲዲ ነው፤ ኳንተም ዶት የተባለ ንጣፍ ቀለሙን ያሻሽልለታል። ቀለሙ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ግን የኦሌድ ጥቁር አይደለም።

አሁን ቡናውን ይክፈቱ። ጀበናው በጥላው ውስጥ አንገቱና እጀታው ይለያሉ? ወይስ አንድ ጥቁር እብጠት ሆኗል? ርካሹ ላይ ወይ ጀበናው ከጥላው ጋር ይዋሃዳል፣ ወይ ጥላው ሁሉ ግራጫ ጭስ ይለብሳል። በስልክ ፎቶ አንሥተው ለማነጻጸር አይሞክሩ፤ የስልኩ ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ይዋሻል።

5. ብርሃኑንና ኤችዲአርን ይዩ

ካርቶን ላይ ከሚጻፉት ቃላት እንደ ኤችዲአር ያለ የተበደለ ያለ አይመስለኝም። ኤችዲአር ደማቁንና ጨለማውን ከተለመደው በሰፋ ልዩነት የሚያሳይ የምስል አሠራር ነው። ካርቶን ላይ ሲጻፍ ግን ቴሌቪዥኑ የኤችዲአር ፊልም ሲላክለት ይቀበላል ማለት ነው እንጂ በሚገባ ያሳየዋል ማለት አይደለም። የስክሪን ብርሃን በኒት ይለካል። የኤችዲአር ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት በ1,000 ወይም በ4,000 ኒት ማሳያ ላይ ነው። ርካሽ ቴሌቪዥን 300 ኒት አካባቢ ነው፤ ውዶቹ ከ1,000 ያልፋሉ። ርካሹ የሌለውን ብርሃን ከየት ያምጣ? ምስሉን ሁሉ ያጨልመዋል፣ ወይም ደማቁን ክፍል ነጭ ጨርቅ ያደርገዋል።

ሱቁ ኢንተርኔት ካለው በሁለቱም ላይ ዩቲዩብ ከፍተው አንድ ዓይነት የኤችዲአር ፊልም ያጫውቱ፤ ከሌለው ቡናው ይሠራል። ፍሙን ይመልከቱ። በጥሩ ቴሌቪዥን መሀሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ብርቱካናማ፣ ዳሩ ቀይ ሆኖ ዓመድ እንደ ለበሰ ይታያል፤ በመጥፎው አንድ ቀይ ነጥብ ነው። ነጠላው ላይ የሽመናው መስመርና የጥበቡ ጠርዝ ይታያሉ? ጭሱስ ከጥላ ወደ ብርሃን ሲያልፍ ልስልስ ነው ወይስ እንደ ደረጃ ተከፋፍሏል? ባለ 8 ቢት ፓነል 16.7 ሚሊዮን ቀለም፣ ባለ 10 ቢት ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ያሳያል፤ ልዩነቱ የሚወጣው እንደ ጭስና እንደ ማለዳ ሰማይ ባሉ ቦታዎች ነው። በሁለቱም ላይ ደረጃው እኩል ከታየ ጥፋቱ የስልክዎ ነው፤ በአንዱ ብቻ ከታየ የቴሌቪዥኑ።

6. ወደ ጎን ይራመዱ

ፊልሙ እየሄደ ቤትዎ ካለው የጎን ሶፋ ጋር ወደሚመሳሰል ቦታ ይሂዱ። ውጤቱ አንዳንዴ ከዋጋው ጋር ይቃረናል። ቪኤ ፓነል ፊት ለፊት ጥቁሩ የሚያምረውን ያህል ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይነጣል፤ የእህቴን ልጅ ጉድ የሠራው ይኸው ነው። ርካሽ አይፒኤስ ከጎን በኩል ውድ ቪኤን ሊያስንቅ ይችላል። አንዳንድ ውድ ቪኤዎች ይህን የሚያስተካክል ንጣፍ አላቸው፤ ኦሌድ ደግሞ ከየትም ቢያዩት ያው ነው። ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ለከበበ ቤት ይህን ፈተና ከጥቁሩ አስቀድሜ እቆጥረዋለሁ።

7. ኳሱን ይክፈቱ

በቅድሚያ ግራጫውን ፎቶ ከፍተው የቆሸሸ የሚመስል ጥላ፣ ቁም መስመር ወይም የጨለመ ማዕዘን ይፈልጉ። ካለ፣ ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ሜዳውን ሲያቋርጥ ሣሩ ላይ ያው ቆሻሻ ተለጥፎ ሲቀር ያያሉ። ይህ ጉድለት ውዶቹንም አይምራቸውም፤ ከተመሳሳይ ሞዴል አንዱ ንጹሕ፣ ሌላው ቆሻሻ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ ረጅም ቅብብል ላይ ኳሷን በዓይንዎ ይከተሉ። ጭራ ካወጣች ነጥቦቹ ቀለም የሚቀይሩበት ፍጥነት ዝግ ያለ ነው። ካርቶኑ ላይ «ሞሽን ሬት 240» የመሰለ ነገር ቢያዩ አይደነቁ፤ የፓነሉን እውነተኛ ፍጥነት አይናገርም። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት «ፓነሉ ስንት ኸርዝ ነው?» ብለው ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል ያድሳል ማለት ነው። መልሱ 60 ወይም 120 ይሆናል፤ በአንዳንድ አዳዲስ ውዶች ላይ ከዚያም ያልፋል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ስለሚቀረጽ ለ120 እኩል ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ምስል አምስት ጊዜ ይታያል። ለ60 ግን እኩል አይካፈልም፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር የምታዩዋት ትንሽ መንቀጥቀጥ ምንጯ ይህ ነው። ለዜናና ለድራማ 60 አያሳፍርም።

8. መጥፎውን ምስል ይስጡት

በመደበኛ ጥራት የቀዱትን ዜና አሁን ይክፈቱ። ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ይመልከቱ። የግዕዝ ፊደል ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ «ለ» እና «ሉ»፣ «ከ» እና «ኩ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ስለሆነ፣ ግምቱን በሚያበላሽ ቴሌቪዥን ላይ ጭረቷ ትጠፋለች ወይም በዙሪያዋ እንደ ትንኝ የሚርመሰመስ ነገር ይታያል። የአንባቢዋ ፀጉር ጠርዝ መሰላል ሆኗል? ፊቷስ እንደ ሰም ለስልሷል? ጥሩው ቴሌቪዥን ተአምር አይሠራም፤ ምስሉን ጸጥ ያደርገዋል፤ ያ ነው ልዩነቱ።

ይህን የሚሠራው ፓነሉ ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ምስሉን የሚያሰላው ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ሶኒ የኦሌድ ፓነሎቹን ከኤልጂ ዲስፕሌይና ከሳምሰንግ ዲስፕሌይ ይገዛል፤ በተመሳሳይ ፓነል ላይ ሁለት ድርጅቶች የተለያየ ምስል የሚያወጡት በዚህ የተነሣ ነው። ቤትዎ ውስጥ ከሰዓቱ አብዛኛውን የዲሽ ጣቢያ የሚታይ ከሆነ ይህን ፈተና ያላለፈ ቴሌቪዥን በምንም ዋጋ አይግዙ።

9. ፎርኬ መሆኑን በጋዜጣው ያረጋግጡ

ርካሾቹ መካከል ፓነላቸው 1,366 በ768 ሆኖ «ፎርኬ ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው አሉ። ማጫወቱን ያጫውታሉ፤ ግን አሳንሰው። የጋዜጣውን ፊልም ከፍተው ወደ ስክሪኑ ይጠጉ። በእውነተኛ ፎርኬ ዋናው ጽሑፍ ይነበባል፤ በሌላው ላይ ፊደሎቹ ግራጫ ሽክርክሪት ይሆናሉ። ይህን በፎቶ ሳይሆን በቪዲዮ ያድርጉት፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ፎቶን በፉል ኤችዲ ብቻ ስለሚያሳዩ እውነተኛውን ፎርኬም በሐሰት ይከሱታል።

10. ገንዘቡን የት ላይ ያውሉት?

ቀን ቀን በብርሃን ሳሎን ውስጥ ዜናና ድራማ ለሚያይ፣ ቤተሰቡም ከጎን ለሚቀመጥ፣ ጥሩ ፕሮሰሰር ያለው መካከለኛ ዋጋ ያለው አይፒኤስ ይበቃል። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ኦሌድ ዋጋው ይገባዋል፤ ከለመዱት በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ከባድ ነው። ሁለቱንም ለሚፈልግ፣ ብርሃንም ለሚበዛበት ቤት ሚኒ ኤልኢዲ አለ። ከሁሉም የማልመክረው በዝቅተኛ ዋጋ በጣም ትልቅ ኢንች ማሳደድ ነው፤ ስክሪኑ ባደገ ቁጥር እስካሁን የዘረዘርኩት ጉድለት ሁሉ አብሮ ያድጋል።

ኦሌድ ለመግዛት የወሰኑ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። የማይንቀሳቀስ ምስል ለረጅም ጊዜ በሚያሳይበት ቦታ ጥላው ታትሞ ሊቀር ይችላል። በእኛ ጣቢያዎች የጣቢያው ምልክትና የታችኛው ጽሑፍ ቀኑን ሙሉ አይነሡም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ከፍቶ ለሚውል ቤት፣ ለምግብ ቤትና ለእንግዳ መቀበያ ኤልሲዲ ይሻላል።

ከወሰኑ በኋላ ግድግዳ ላይ ያለውን ሳይሆን ካርቶን ውስጥ ያለውን ነው የሚወስዱት። ተመሳሳይ የሞዴል ቁጥር ያላቸው ሁለት ቴሌቪዥኖች ከተለያየ ፋብሪካ የወጣ ፓነል ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት የሚወስዱት ካርቶን ይከፈት፤ ግራጫውን፣ ጥቁሩንና ኳሱን በእሱ ላይ ደግመው ያጫውቱ፤ በጥቁሩ ላይ የማትጠፋ ነጥብ፣ በግራጫው ላይ የማትበራ ነጥብ አለመኖሯን ያረጋግጡ። ያስተካከሉት ሁነታ አብሮዎት ስለማይሄድ በሦስተኛው ክፍል የተባለውን ቤት ገብተው እንደገና ያድርጉት። ፍላሹንም ነቅለው ይውሰዱ፤ እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው በማግስቱ ስመለስ የእናቴ ቡና በሱቁ ግድግዳ ላይ በስምንት ቴሌቪዥን ሲፈላ አገኘሁት።